የብረት ጃርት እንባ

በሰባ ዓመት ዕድሜያቸው አንድ ቀን እንኳ ስማቸውን በማተሚያ ቤት ቀለም ታትሞ ያላዩ ሴት ናቸውና፣ ዛሬ ለሽኝታቸው በተሰበሰብንበት በዚህ ቤተ ክርስቲያን ሙሉ ስማቸውን በመጥራት እንጀምር፤ ሄድዊግ ማሪያ ፓውላክ። ከነሐስ ማቅለጫ ሠራተኛው ከአባታቸው ከሚስተር ቪንሰንት ፓውላክና ከእናታቸው ከሚስስ ስታኒስላቫ፣ በዚህችው በኖጋተክ ወንዝ ዳር ባለችው ከተማችን፣ ከፋብሪካው በላይ በሚገኘው ዳገት፣ በመጋቢት ወር 1921 ተወለዱ። ይህን የማነበው እኔ ሎሬታ ዚምባ አሥራ አምስት ዓመት በአንድ የሥራ ጠረጴዛ ከጎናቸው የተቀመጥሁ ስሆን፣ አንብቢው ብለው ያዘዙኝ ራሳቸው ናቸው። ከሚነበበውም መካከል አንድ ነገር ለአንድ ሰው እንድነግር በሆስፒታል አልጋቸው ላይ ሆነው ቃል አስገብተውኛል። ያ ሰው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጠዋልና፣ ቦታው ሲደርስ እነግራቸዋለሁ።

ሚስ ሄዲ፣ ሁላችንም እንጠራቸው በነበረው ስም፣ በደብሩ ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። በትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፋቸው ኅዳግ ላይ ሥዕል ይሞነጫጭሩ ስለ ነበር መነኩሲቷ መምህርት በማስመሪያ ጣታቸውን ይመቷቸው እንደ ነበረና፣ ያቺው መነኩሲት ግን «ይቺ ልጅ ቀለም ስትቀባ ከመስመር አትወጣም» ብላ ለእናታቸው እንደ መሰከረች ይተርኩ ነበር። አባታቸው በሳንባ ሕመም ካረፉ በኋላ ትምህርታቸውን ትተው ነሐስ ፋብሪካ ገቡ፤ በጦርነቱ ዘመን የጥይት ቀለህ ሲቆጥሩ ኖሩ። አንድ ወንድማቸው ካሲሚር ኦሃዮ ሄዶ ትዳር ሲይዝ፣ እናትን የመጦሩ ዕጣ ማንም ሳይጠይቃቸው በሚስ ሄዲ ላይ ወደቀ፤ በየቤቱ እንዲህ ነው፣ ዕጣ የሚባለው ሁልጊዜ ባላገባችው ሴት ላይ የሚወድቅ ነገር ነው።

በ1949 በወንዙ ዳር ከነበረው የቀለም መለያ ቤት ተቀጠሩ። እዚህ ያላችሁ ወጣቶች ያ ቤት ምን እንደሚሠራ ስለማታውቁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ባለ ካባ ጀግኖች የሚፋለሙባቸው የሥዕል መጽሔቶች ኒውዮርክ ተጽፈውና ተሥለው በጥቁርና ነጭ ወደኛ ይመጣሉ። የእያንዳንዱን ገጽ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ በብርሃን አሳላፊ ፊልም ላይ በብሩሽ ለይተን የምንቀባው እኛ ሴቶች ነበርን። አንዲት ሴት አንድ ቀለም ብቻ ትይዛለች፤ ያንኑ ቀለም ፈዛዛውን በአንድ ፊልም፣ ደማቁን በሌላ ፊልም ለየብቻ ትቀባለች። ቀለሙ የተሟላውን ሥዕል ማንኛችንም አናየውም ነበር። እኔ ቀይ ስለ ነበርሁ የጀግናው ካባና የአንድ ጎሪላ ከረባት ብቻ ይታየኝ ነበር፤ ባልደረባችን ብሮንያ ቢጫ ስለ ነበረች ፀሐይና መብረቅ ይታያት ነበር፤ ሚስ ሄዲ ሰማያዊውን ይዘው ሠላሳ ዓመት ሰማይና ጥላ ብቻ ሲቀቡ ኖሩ። የሣለው ስሙ ይጻፋል፣ የጻፈው ስሙ ይጻፋል፣ ከጀግኖቹ አፍ የሚወጣውን ንግግር በያዘው ፊኛ ውስጥ ፊደሉን የጻፈው ሳይቀር ስሙ ይጻፋል፤ የእኛን ግን ማን ብሎ።

ከሚመጡት ሁሉ ሚስ ሄዲ የሚወዱት «ሻምበል አውሎ እና የወሩ እንግዳ» የተባለውን ነበር። ሻምበል አውሎ በየወሩ አንድ ሌላ ጀግና ያገኛል፤ ካገኘው ዘንዳ ሌባ ነህ ብሎ ሰባት ገጽ ሙሉ ይደበድበዋል፤ በስምንተኛው ገጽ አለመግባባት እንደ ነበረ ይታወቅና ይጨባበጣሉ፤ ከዚያም ቤት የሚያክል የዳቦ መጥበሻ ውስጥ ሊያስራቸው የሚፈልገውን ክፉ ሰው አብረው ያሸንፋሉ፤ ክፉውም ሰው እየተደበደበ ዕቅዱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይሰለች ያስረዳቸዋል። ብሮንያ ይህን እያየች «ወይ ጅልነት፣ መጀመሪያውኑ ስምህ ማነው ብሎ ቢጠይቀው ምን ነበረበት» ስትል፣ ሚስ ሄዲ ብሩሻቸውን ሳያነሡ «ቢጠይቀው ኖሮ አንቺ ዛሬ ምን ትቀቢ ነበር?» ይሏታል። እኔ ትምህርቴን ጥዬ የገባሁ ነበርሁና ማንበብን በቅጡ የተማርሁት ከእነዚያ ፊኛዎች ነው፤ የከበደኝን ቃል በሹክሹክታ ይነግሩኝ የነበሩት ደግሞ ሚስ ሄዲ ናቸው።

ከእንግዶቹ ሁሉ የሚያሳዝናቸው የብረት ጃርት ነበር። የብረት ጃርት ከራሱ እስከ እግሩ እሾህ የለበሰ ጀግና ስለ ነበር የሚጨብጠው ሰው በቅድሚያ የምድጃ ጓንት ማጥለቅ ነበረበት፤ ልጆች በዚህ ይስቃሉ፤ እኛም እንስቅ ነበር።

እናታቸው ሚስስ ስታኒስላቫ በጥር 1966 አረፉ። እኛ የጠረጴዛው ሴቶች አበባ ልከን፣ ቀብር ላይ ቆመን፣ በማግሥቱ ወደ ሥራችን ተመለስን፤ ሚስ ሄዲም ተመለሱ፤ እንዴት ነዎት ስንላቸው «ደኅና ነኝ» አሉን፤ ሰው ደኅና ነኝ ካለ ደኅና ነው ብለን ተውናቸው። በገና ዋዜማ ማዕድ ላይ ድንገት ለሚመጣ እንግዳ አንድ ትርፍ ሳህን ማስቀመጥ የእናት አባቶቻችን ወግ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ በሚስ ሄዲ ገበታ ላይ የሚቀመጡት ሁለት ሳህኖች ብቻ ነበሩ፤ የራሳቸውና የእንግዳው። ቤቴ ከቤታቸው አራት መንገድ አይርቅም። የእኔም ትርፍ ሳህን እዚያው ባዶውን ይቀመጥ ነበር፤ እሳቸውን ግን አንድም ዓመት ሄጄ አልጠራኋቸውም።

በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የተቀባው፣ በጥቅምት የወጣው ዕትም የወሩ እንግዳ የብረት ጃርት ነበር። በመጨረሻው ገጽ መጨረሻ ሥዕል ላይ ሻምበል አውሎ «ወዳጄ፣ አንድ ቀን እንገናኛለን» ብሎ በርሮ ይሄዳል፤ የብረት ጃርት ጣራ ላይ ብቻውን ቆሞ ይቀራል። መጽሔቱ ታትሞ ሲወጣ በጃርቱ ጉንጭ ላይ፣ ሠዓሊው ያልሣላት፣ ጸሐፊው ያልጻፋት፣ አንዲት ሰማያዊ እንባ ነበረች።

ካቦው ሚስተር ጋነን መጽሔቱን እያውለበለበ መጣ፤ ያ ሰው ሳያውለበልብ መናገር አይችልም ነበር።

«ይህን ያደረገችው ማናት? ኒውዮርክ እየጮኸብኝ ነው። ጃርቱ ለምን አለቀሰ ይሉኛል።»

ብሮንያ «ካለቀሰ የሚያስለቅስ ነገር አግኝቶ ይሆናላ፣ እኛን ምን ትጠይቀናለህ» አለችው።

«ሰማያዊው የኔ ነው» አሉ ሚስ ሄዲ። «ብሩሼ ተንጠባጥቦ ነው።»

«ሚስ ፓውላክ፣ እርስዎ? በአሥራ ሰባት ዓመት አንድ ጠብታ ያላፈሰሱ ሴት?»

«ዘንድሮ አፈሰስሁ።»

ሚስተር ጋነንም ለቅጣት ከሰማያዊው አንሥቶ ቢጫ ሰጣቸው፤ ቢጫ ደግሞ ብትሳሳትም አይታይም ተብሎ ለጀማሪ የሚሰጥ ቀለም ነው፤ ብሮንያ ካልሰደበችኝ። እኛ ሁላችን አንገታችንን ደፍተን ሥራችንን ቀጠልን። ከመካከላችን ጠጋ ብላ «ሄዲ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ያለቻቸው አንዲት ሴት አልነበረችም፤ ይህን እኔም ብሮንያም ዛሬ በእግዚአብሔር ፊት እንመሰክራለን።

በመጽሔቱ የአንባብያን ገጽ ላይ ግን በቀጣዩ ክረምት አንድ ደብዳቤ ታተመ፤ በዚያን ዘመን ደብዳቤ ከነሙሉ አድራሻው ነበር የሚወጣው። ጸሐፊው ከነብራስካ ገጠር የእህል ጎተራ ጠባቂ የሆኑ፣ አርባ ዓመት ያለፋቸው ሚስተር ኤልዊን ስትሮድ ነበሩ። «ውድ አዘጋጅ» ይላል፣ «በጥቅምቱ ዕትም ያለችውን እንባ ስሕተት ነው እንዳትሉኝ እለምናለሁ። እንግዳ ሸኝቶ ብቻውን ጣራ ላይ የሚቀር ሰው ያለቅሳል። እኔ የምኖረው ከጎተራ ሥር ነውና አውቃለሁ።» የኒውዮርኩ ጸሐፊም ተሳስተናል ከማለት ሞቱን የሚመርጥ ዓይነት ሰው ኖሮ፣ ደብዳቤውን መነሻ አድርጎ አንድ ሙሉ ታሪክ ጻፈ፤ የብረት ጃርት የሚያለቅሰው ወዳጆቹ ሁሉ የአንድ ወር ወዳጆች ስለሆኑ ነው የሚል። ጅል ታሪክ ነው፤ በመካከሉ ባንክ የሚያስተዳድር ሐምራዊ ጎሪላ አለበት፤ ነገር ግን እውነቱን ልናገርና አንብቤው አልቅሻለሁ። መጽሔቱም ከዚያ በፊት ተሸጦ የማያውቀውን ያህል ተሸጠ፤ ከዚያ ወዲያ የብረት ጃርት በወጣ ቁጥር እንባዋም ትወጣ ጀመር፤ እንባዋን በልኳ የሚቀባት ሰው ስለ ጠፋ ሚስተር ጋነን ሳያውለበልብ መጥቶ ሰማያዊውን ለሚስ ሄዲ መለሰላቸው።

ሚስ ሄዲም ወደ ነብራስካ ጻፉ። ሚስተር ስትሮድ ያንን የመጀመሪያ ደብዳቤ ትናንት ከሰዓት ከቦርሳቸው አውጥተው አሳይተውኛልና ቃሉን እጠቅሳለሁ፤ «ጌታዬ፣ እንባዋ የእኔ ናት። ማንም ሳያዘኝ አስቤ ቀባኋት። ያዩልኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።» ከዚያ በኋላ መጽሔቱ በሚወጣበት ሳምንት በየወሩ አንድ ደብዳቤ ይሄዳል፣ አንድ ደብዳቤ ይመጣል፤ መጽሔቱ ከቆመም በኋላ ሳይቋረጥ፣ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ።

ሚስተር ስትሮድ አንድ ጊዜ ብቻ መጡ፤ በ1973 የገና ዋዜማ። መጽሔቱ እንደሚያዘው በአለመግባባት ተጀመረ፤ እሳቸው በመናኸሪያው የፊት በር፣ ሚስ ሄዲ በኋላ በር ቆመው ሁለት ሰዓት ሙሉ በየፊናቸው ሲጠባበቁና በየልባቸው «ቀረብኝ» ሲሉ ቆይተው፣ በመጨረሻ ሁለቱም ተስፋ ቆርጠው ሲወጡ በታክሲ መቆሚያው ተገጣጠሙ። ያን ዕለት በእንግዳው ሳህን ላይ ሄሪንግ ዓሣና በሊጥ ተጠቅልሎ የተቀቀለ ፒየሮጊ ቀረበ። ከማዕድ በኋላ ሚስተር ስትሮድ «ሄድዊግ፣ የወር እንግዳ መሆን በቃኝ። ነብራስካ ሰፊ ነው፤ አብረን እንሂድ» አሏቸው። ሚስ ሄዲ «የእናቴን ቤት ማን ያይልኛል?» ብለው መለሱ። የሚታይ ምንም ነገር የሌለበት ቤት ነበር። በሦስተኛው ቀን ራሳቸው መናኸሪያ ድረስ ሸኟቸው።

ከበዓል ተመልሰን በጠረጴዛው ላይ ስንቀመጥ «ለምን እምቢ አሏቸው?» ብዬ ጠየቅኋቸው፤ በሕይወቴ የጠየቅኋቸው ብቸኛው የረባ ጥያቄ ይህ ነበር። «ዋሽቼዋለሁ» አሉኝ። «አስቤ የቀባኋት ይመስለዋል። የፈሰሰች ጠብታ ናት። በፈሰሰች ጠብታ ነብራስካ ድረስ አይኬድም፣ ሎሬታ።» አመንኋቸው። ለሚስተር ጋነን የተናገሩትም ይኸው አልነበረምን?

የቀለም ቤቱ በ1979 ተዘጋ፤ ሥራውን ማሽን ወሰደው። እኛ በየፊናችን ስንበተን ሚስ ሄዲ በደብሩ ቤተ መጻሕፍት የተቀደዱ መጻሕፍትን እየጠገኑ ኖሩ። ሻምበል አውሎም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ባለፈው ዓመት የቆሽት ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ፤ ለማንም አልነገሩም፤ እኔም የሰማሁት በመድኃኒት ቤት ወረፋ ላይ ከሌላ ሰው ነው። በጥቅምት ወር ሆስፒታል ሲገቡ ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«ስሞት ታነቢልኛለሽ» አሉኝ። «ኤልዊን ይመጣል። ጠብታ ነበረች በዪው፤ ከዚያ ቀልሎት ይመለሳል።»

«ስልኩ እዚህ አለ፣ ለምን ራስዎ አይነግሯቸውም?» አልኋቸው።

«እኔ እሱን መዋሸት አይሆንልኝም» አሉ፤ ዓይናቸውንም ጨፈኑ። መድኃኒቱ የሚያስለፈልፋቸው መሰለኝ። ቃል ገባሁላቸው። ኅዳር 14 ቀን ረፋድ ላይ አረፉ።

እንግዲህ ሚስተር ስትሮድ፣ አደራ አለብኝና ቃላቸውን እነሆ አደርሳለሁ፤ ሚስ ሄድዊግ ፓውላክ ያቺ እንባ የፈሰሰች ጠብታ ነበረች ብለዋል። ቃሌን ፈጽሜአለሁ። አሁን ደግሞ ማንም ያላዘዘኝን እናገራለሁ።

ከትናንት በስቲያ የሚቀበሩበትን ቀሚስ ለማውጣት ቤታቸው ገብቼ ነበር። በመሳቢያው ውስጥ የእርስዎ ደብዳቤዎች በተቀመጡበት የብስኩት ቆርቆሮ ሥር፣ በስስ ወረቀት የተጠቀለሉ ሁለት ፊልሞች አገኘሁ፤ የዚያ የመጨረሻ ገጽ ሰማያዊ ፊልሞች፣ ፈዛዛውና ደማቁ። ሥራው ሲያልቅ ፊልም ሁሉ ይጣል ስለ ነበር ሚስ ሄዲ ሰርቀዋል ማለት ነው፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበላቸው። ወደ መስኮቱ ወስጄ በብርሃን አየኋቸው። በፈዛዛው ፊልም ላይ የእንባዋ አካል ተቀብቷል። በደማቁ ፊልም ላይ፣ በዚያችው ቦታ፣ ከእንባዋ ሥር እንደ አዲስ ጨረቃ የቀጠነች ጥላ ተቀብታለች። ሁለቱን ስደርባቸው የፀጉር ያህል እንኳ አይዛነፉም።

ብሮንያ ምን ማለት እንደሆነ ገብቷታል፣ ራሷን እየነቀነቀች ነው። ሌሎቻችሁ ስሙኝ፤ ሁለቱ ፊልሞች የሚቀቡት ለየብቻ፣ በተለያየ ሰዓት ነው። ከብሩሽ የምትወርድ ጠብታ አንዱ ፊልም ላይ ትወድቃለች፤ ያውም ተዝረክርካ። አንዱን ፊልም ጨርሰሽ፣ አንሥተሽ፣ ሁለተኛውን ዘርግተሽ፣ ዳግመኛ በዚያችው ጉንጭ ላይ፣ ያውም ጥላ ሆና የምትወድቅ ጠብታ የለችም። ሚስ ሄዲ አስበው ነው የቀቧት፤ እናታቸው በሞቱበት ዓመት፣ ሁለት ጊዜ ብሩሽ አንሥተው።

ስለዚህ ሚስተር ስትሮድ፣ እርስዎን አልዋሹም። የዋሹት እኛን ነው። ለምን እንደሆነ ማን ያውቃል፤ እኔ ግን እንዲህ ይመስለኛል። በጠረጴዛው ላይ አለቀስሁ ለማለት የሚያስደፍር ፊት ከእኛ ዘንድ አላገኙም፤ አንዴ ጠብታ ናት ካሉ በኋላ ደግሞ ኩራት የሚባለው እሾህ ከቃላቸው ጋር አስሯቸው ቀረ፤ አገራቸውን ጥለው ለመሄድ በፈሩም ጊዜ ያችኑ ጠብታ ምክንያት አደረጓት። በመጨረሻም እርስዎ ብዙ እንዳያዝኑ በእኔ አፍ ሊያባርሩዎት ሞከሩ። እውነቱን የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም የነበሩት ነብራስካ። እኔ በክንድ ርቀት ተቀምጬ ነበር።

ሚስ ሄድዊግ ፓውላክ ባል አላገቡም፣ ልጅም አልወለዱም። ከኋላቸው የቀሩት ሃያ አራት ዓመት የጻፉላቸው ሚስተር ኤልዊን ስትሮድ ናቸው፤ ከኦሃዮ ዛሬ ጠዋት የደረሰው የወንድማቸው ልጅ ሌናርድ ፓውላክ ነው፤ ቅር ካለው በሁለተኛነት መጠራቱን ከቀብር በኋላ ያንሣብኝ። ከቀለም ቤቱ ሴቶችም ብሮንያና እኔ፣ ዘግይተንም ቢሆን፣ ቀርተናል። ሁለቱ ፊልሞች በፖስታ ታሽገው ከመሠዊያው አጠገብ ይገኛሉ፤ ከቀብር መልስ ለሚስተር ስትሮድ ይሰጣሉ። የመመለሻ ትኬታቸው ለነገ መሆኑን ነግረውኛል። ለገና ዋዜማ የቀረው አምስት ሳምንት ብቻ ነው፤ ቤቴ ከዚህ ሁለተኛው መንገድ ላይ ነው፣ በሩም አንድ ብቻ ስለሆነ መሳሳት የለም።

ለልጆች መሳቂያ የሰማይ ቀለም ሲቀቡ የኖሩትን እህታችንን ጌታ በሰማዩ ይቀበልልን፤ ነፍሳቸውንም ትርፍ ሳህን በማይቀመጥበት፣ የመጣ ሁሉ በስሙ ተጠርቶ በሚቀመጥበት ማዕድ ያሳርፍልን። አሜን።